ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጠብ

ሚዛኑ 471 አለ።

አወረድኩት። ዜሮ አደረግኩትና መልሼ ጫንኩት። አሁንም 471። ልጄ ጠረጴዛውን ተደግፋው ይሆናል ብዬ እጇን አየሁ። እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ዓርብ ማታ ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል። የሮቦት ፍልሚያ ውድድሩ ነገ ጠዋት ነው።

«አባዬ፣ አሥራ ሰባት ግራም አልፈናል» አለችኝ። ልጄ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛ የምታወራኝ ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነው።

ሚዛኑ ለቡና ብዬ የገዛሁት ነው። ቡና ተመዝኖበት ግን አያውቅም። ለአንድ ወር ያህል ብሎን፣ ሽቦና ጎማ ሲመዘንበት ከረመ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ዝም አለች፣ በመጨረሻ ሌላ ሚዛን ገዛች።

ስለምን እንደማወራ ልንገራችሁ። ትንንሽ ሮቦቶችን ሠርቶ በሳጥን ውስጥ ማፋለም የሚባል ነገር አለ። ባትልቦትስ በሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር የታዩት ሮቦቶች እስከ 250 ፓውንድ፣ ማለትም እስከ 113 ኪሎ ይመዝናሉ። የእኛ ግን «ጉንዳን ሚዛን» ከሚባለው ክፍል ነው። አሜሪካ ውስጥ የጉንዳን ሚዛን ጣሪያ 1 ፓውንድ ነው፣ 454 ግራም። እንግሊዞች ደግሞ ጉንዳን የሚሉት 150 ግራሙን ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር በእጃችሁ ያዙና ከላዩ ጥቂት ማንኪያ ቀንሱለት። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መሣሪያው፣ ጎማው፣ ጋሻው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት። በ1 ግራም ካለፍክ አትገባም። ልመና የለም።

ጨዋታው የተወለደው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። ማርክ ቶርፕ የሚባል ዲዛይነር በሪሞት የሚነዳ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሊሠራ ሞከረ። መጥረጊያው አልሆነለትም። ከዚያ የመጣው ሐሳብ ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የመጀመሪያው የሮቦት ዎርስ ውድድር ሆነ። በዓመቱ ጄሚ ሃይነማን የሚባል ሰው ብሌንዶ የተባለ ሮቦት ይዞ ቀረበ። ብሌንዶን ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት አማርኛ ይቀላል፤ አክንባሎ ነው። በሳር ማጨጃ ሞተር የሚሽከረከር፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያወጣ የብረት አክንባሎ። የመታው ነገር ስብርባሪ ግድግዳውን እያለፈ ሲበር አዘጋጆቹ ደንግጠው ከፍልሚያ አወጡት። እኛ ቤት ዛሬም መላ አካሉ የሚሽከረከር ሮቦት ሁሉ አክንባሎ ነው የሚባለው።

እኔ በሙያዬ አሳንሰር እጠግናለሁ። ሞተር፣ ብሬክ፣ ገመድ፣ ሰሌዳ ስነካካ ነው የምውለው። ልጄ ሮቦት እንሥራ ስትለኝ በልቤ «ይቺማ ለኔ ምናላት» አልኩ። ለውድቀቴ መነሻው ይህ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት መሣሪያውን መምረጥ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። የሚሽከረከር ነገር ያምራል። ብልጭታው፣ ድምፁ፣ የሌላው ሰው ሮቦት ጣሪያ ሲነካ! ከፊት ለፊት በቁመት የሚሽከረከር ዲስክ መረጥኩ፣ ተጋጣሚውን ከሥር ይዞ ወደ ላይ የሚወረውር ዓይነት። ባትልቦትስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ባይት ፎርስ የሚባለው ሮቦትም እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ዋንጫ ሲወስድ መሣሪያው በቁመት የሚሽከረከር ነበር። እሱ ካደረገው እኔስ? የኔ 98 ግራም የሚመዝን የብረት ዲስክ ነው፤ ሁለት ጥርስ አለው፤ በፖስታ ሲመጣ በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ አጠገብ ነው ያሳደርኩት። ሮቦቱ ገና ሳይኖር ስም አወጣሁለት፤ ነብሮ።

ዲስኩ ከመጣ በኋላ ሌላው ሁሉ እሱን ማገልገል ጀመረ። ዲስኩን የሚያሽከረክር ብራሽለስ የሚባል ፈጣን ሞተር፣ 46 ግራም። ያንን ሞተር የሚችል የፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሠሪዎቹ ኢኤስሲ የሚሉት፣ 12 ግራም። ሁለቱን የሚመግብ ባትሪ፣ 45 ግራም። ለመንጃ ሁለት ባለማርሽ ሞተሮች፣ 64 ግራም። ጎማ፣ ከሪሞቱ ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር፣ የመንጃ መቆጣጠሪያ፣ አካሉ። ወረቀት ላይ ደመርኩት፤ 422። ሠላሳ ሁለት ግራም ተረፈኝ ብዬ ተኩራራሁ። «ለጌጥ እናደርገዋለን» ብያታለሁ፣ እግዜር ያሳያችሁ።

ወረቀቱ ላይ ያልነበረው ምንድን ነው? ብሎን። ዳዶ። ሮንዴላ። ዲስኩ የሚዞርበት ዘንግና ሁለት ኩሽኔታ። ሽቦ። የባትሪው ሶኬት። ማብሪያው። ስታኞ እንኳ፣ ሽቦ ያያያዝኩበት ስታኞ፣ ወደ ሁለት ግራም ይሆናል። አንድ ደህና የብረት ብሎን ብቻውን 7 ግራም ሊይዝ ይችላል። ተደማምረው 49 ግራም ሆኑ። ማንም አልጋው አጠገብ የማያሳድራቸው ነገሮች።

(እግረ መንገዴን፣ ልጄ እነዚህን ቃላት ትወዳቸዋለች። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ቺንጋ። አማርኛ መስለዋት ነበር። ጣልያንኛ ናቸው ስላት «ታዲያ አማርኛ የቱ ነው?» አለችኝ። ሽብልቅ አልኳት። ቆይቶ ዋጋ ያወጣ ቃል ነው። ኩሽኔታን ግን በደንብ ነው የማውቀው። እኛ ሰፈር ልጅ ሆነን ከአሮጌ ኩሽኔታና ከጣውላ ጋሪ እየሠራን ቁልቁለት ለቁልቁለት እንወርድ ነበር። ብሬክ አልነበረውም። ጉልበቴ ላይ አሁንም ምልክቱ አለ።)

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። አሥራ ሰባት ግራም ከየት ይምጣ? ጤነኛ ሰው ቢሆን ዲስኩን ይቀንሳል። ከ98ቱ ግራም ላይ መሀሉን ትንሽ ብትበሳው ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ዲስኩን ልነካው አልፈለግኩም። ከወለሉ ላይ እየበሳሁ 6 ግራም አወጣሁ። ክዳኑን በስስ ፕላስቲክ ቀየርኩ፣ 5 ግራም። የክዳኑን ስድስት ብሎኖች አራት አደረግኳቸው። የቀረውን ከሽቦ ወሰድኩ። እያንዳንዱን ሽቦ ልክ እስከሚደርስበት ድረስ ቆረጥኩት። ተወጥሮ እስኪቆም። እንደ ክራር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሚዛኑ 453 አለ። ልጄ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። ቀስቅሼ አሳየኋት። «በጣም ጥሩ አባዬ» ብላ መልሳ ተኛች።

በማግስቱ የመጀመሪያ ተጋጣሚያችን ዘጠኝ ዓመት የማይሞላ ልጅ ነበር። ሮቦቱ ሽብልቅ ነው። በቃ። ጎማ ያለው፣ ከፊቱ ተዳፋት የሆነ፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ሽብልቅ። አዘንኩለት። እውነቴን ነው፣ ነብሮን ቀስ አድርገን እንንዳው ብዬ ለልጄ በጆሮዋ ነገርኳት።

ሳጥኑ ግድግዳው ፖሊካርቦኔት የሚባል ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ነው። በሩ ተዘጋ። ዲስኩ መጮህ ጀመረ። ልጁ ቀጥ ብሎ መጣ፣ ሳይጠማዘዝ፣ ሳይፈራ። ዲስካችን ሽብልቁን መታ። ብልጭታ ወጣ፣ ሰው ጮኸ። ሽብልቁ ጥቂት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ነብሮ ግን በራሱ ምት ወደ ላይ ተነሣ፣ በጀርባው ወደቀ፣ ተገልብጦ በጎማው ቆመ። ቆመና ቀረ። ዲስኩ እየዘገየ ሄዶ ዝም አለ። ዳኛው እስከ አሥር ቆጠረ።

አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ።

ክዳኑን ስከፍተው የሪሲቨሩ ሶኬት ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ከቦታው የወጣው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሽቦው ያን ያህል እንኳ ትርፍ ርዝመት አልነበረውም። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ጥርሱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ልጁ መጥቶ የልጄን እጅ ጨበጠና «ሮቦታችሁ በጣም ያምራል» አላት። ከዚህ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ዕቃ መቀየር ውስጥ ገባሁ። የተሻለ ሞተር። የተሻለ ኢኤስሲ። በሦስት ሴል ፈንታ ባለ አራት ሴል ባትሪ። በየቀኑ ፖስታ ይመጣል። አንድ ቀን ባለቤቴ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አንተ ሰው፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብላ ሄደች። ልጄ «ጉልቻ ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። ድስት የሚጣድበት ድንጋይ። ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ የማይገለበጥ፣ እሳት የማይፈራ።

«ቀጣዩ ሮቦት ስሙ ጉልቻ ነው» አለች። «የምሠራውም እኔ ነኝ።»

ወረቀት አወጣች። ከላይ የመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፈችው «ሽቦና ብሎን፦ 50 ግራም» የሚል ነው። ከዚያ ጎማና መንጃ ሞተር። ከዚያ አካል። መሣሪያ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፣ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበት። እኔ ሀያ ዓመት አሳንሰር የጠገንኩ ሰው፣ ሥራዬ ላይ ሁልጊዜ ከብሬኩ የምጀምር ሰው፣ እቤቴ ገብቼ ከዲስክ መጀመሬ አሳፈረኝ። አልነገርኳትም።

ስለ ዲስኩ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም የገባኝ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዲስክ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል ይላል። ጉልበቱ ልክ ነው፣ ይጨምራል፤ ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው የሚያጠራቅመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ችግሩ ንክሻው ላይ ነው። ተጋጣሚህ በሰከንድ 3 ሜትር እየቀረበህ ነው እንበል። ዲስክህ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ይዞራል፣ ሁለት ጥርስ አለው። በአንዱ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 2 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተጋጣሚው ወደ ጥርሱ የሚገባልህ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ከቀረበ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለስላሳ ሽብልቅ ላይ ሲሆን ጥርሱ ይልሳል እንጂ አይነክስም። ልክ ግራይንደር ብረት ላይ ብልጭታ እየረጨ እንደሚንሸራተተው። አንዱን ጥርስ ብታነሣ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱንም በግማሽ ብትቀንሰው 30። ባለ አንድ ጥርስ መሣሪያ የሚሠሩት ሰዎች ቁጠባ አይደለም የያዛቸው። በእርግጥ አንድ ጥርስ ሲሆን ሚዛኑን በሌላው ጎን ማካካስ አለብህ፣ አለበለዚያ ሮቦቱ ወፍጮ ቤት ይመስል ይንቀጠቀጣል።

የነብሮ ዲስክ እየላሰ ነበር። ይኸው ነው።

ጉልቻ ሽብልቅ ነው። የፊቱ ሳህን በልኩ ተቆርጦ የመጣ ስስ ታይታኒየም ነው። ብረት ቢሆን በዚያው ውፍረት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይከብድ ነበር። አካሉ ቲፒዩ ከሚባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ በትምህርት ቤቷ ክበብ ስሪዲ ፕሪንተር የወጣ ነው። ቲፒዩ ይገርማል። በመዶሻ ስትመታው ይጎብጥና ይመለሳል፣ አይሰበርም። ጉዳቱ ሞተር የታሰረበትም አብሮ መጎበጡ ነው፤ ስለዚህ ሞተሮቹን የሚይዝ ደረቅ ነገር ያስፈልጋል። ለዚያ የሆነን የወጥ ቤት መክተፊያ ነው፣ ያ ነጩ ፕላስቲክ። በቀላሉ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ አይሰነጠቅም። የኛ ግማሹ አሁን ሮቦት ውስጥ ነው። ሽንኩርት የሚከተፈው በቀረው ግማሽ ነው።

ከፊት ሽብልቁን ወደ ላይ የሚያነሳ ትንሽ ሰርቮ ሞተር አለ። የጥያቄ ምልክቷ መልስ ያ ነው። አይሰብርም፣ አይቆርጥም። ያነሳል።

ሽቦዎቹ ሁሉ ጣት የሚያስገባ ትርፍ ርዝመት አላቸው። ሶኬቶቹ በሙቅ ሙጫ ተይዘዋል። ብሎኖቹ እንዳይፈቱ ሎክታይት የሚባል ማጣበቂያ አላቸው፤ ፕላስቲክ የሚነኩት ግን የላቸውም፣ ሎክታይት አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

ባትሪው ላይ አንድ ቀን ደንግጠናል። ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል። ይህን እናውቃለን። ያላወቅነው አንዱ የወለል ብሎን 2 ሚሊ ሜትር ረዝሞ ባትሪውን ከሥር ሲጫነው እንደከረመ ነው። ስናወጣው ሆዱ አብጧል፣ መሀሉ ላይ የጣት ጫፍ የምታክል ጠባሳ አለች። በአሸዋ ባልዲ አድርጌ ግቢ አወጣሁት። እሳት አልተነሳም። ቢነሳ ኖሮ እቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባትሪው የሚተኛበት ወለል ላይ ብሎን የለም፣ ቻርጅ የሚደረገውም ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ሲያልቅ 449 መዘነ። «አምስቷን ግራም ምን እናድርጋት?» አልኳት። «ተዋት» አለች።

ከዚያ መንዳት ተማረች። ወጥ ቤት ወለል ላይ ስኒ ደርድራ በመካከላቸው፣ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት። አራት ስኒ ሄዷል። እኔ ለዕቃ ካወጣሁት ገንዘብ ጋር ሲተያይ አራት ስኒ ምንም ማለት አይደለም።

በሁለተኛው ውድድራችን የመጀመሪያው ተጋጣሚ አግድም የሚሽከረከር ረጅም ዘንግ ነበረው። የእውነት የሚያስፈራ። ልጄ ሪሞቱን ይዛ አፏን ገጥማ ቆማለች። ዘንጉ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ቀጥ ብላ ገባችበት። መታን። ጉልቻ ክንድ ያህል ተንሸራተተ፣ ታይታኒየሙ ነጭ ብልጭታ ተፋ። እንደገና ገባች። መታን። ሦስተኛው ላይ ዘንጉ በሽብልቁ ተዳፋት ላይ ወጣና የራሱን ባለቤት ገለበጠው። ተገልብጦም ዘንጉ ወለሉን እየደበደበ ይዘላል። በሦስተኛው ዝላይ የሆነ ነገር ተሰማ፣ ቀጭን፣ ስኒ ሲሰበር ያለው ዓይነት። የመሣሪያው ሞተር ከእግሩ ወጥቷል። ልጄ ቀስ ብላ ሄዳ ከሥሩ ገባችና ከግድግዳው ጋር አጣበቀችው። ዳኛው እንድትለቀው ነገራት፣ ለቀቀች። አልተነሣም።

ሁለተኛውን ተሸነፍን። በቁመት የሚሽከረከር ከበሮ የነበረው ሮቦት ጎናችንን አግኝቶ አንዱን ጎማ ይዞት ሄደ። ጉልቻ በአንድ ጎማ ራሱን ሲዞር ቀረ፣ ጭራውን እንደሚያሳድድ ቡችላ። ጎማው ከሳጥኑ ጥግ ተገኝቶ ተመለሰልን። ሦስተኛውን በዳኞች ድምፅ አሸነፍን፣ በአራተኛው ወጣን። ሁለት በሁለት።

ኖርዎክ፣ ኮኔቲከት ሄደን የትልልቆቹን ውድድርም አይተናል። እዚያ ትንሹ ክፍል 3 ፓውንድ ነው። ከመድረኩ በላይ ያስደሰተኝ የጥገናው ጠረጴዛ ነው። ሰው ገና ተሸንፎ እንደመጣ፣ ሮቦቱን የገደለበት ሰው መጥቶ ካቻቪቴ ያውሰዋል። የተበላሸ ሮቦት ሲከፈት ስንቱ በመሣሪያ እንደሞተ፣ ስንቱ በሽቦ እንደሞተ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ያሳፍራል፣ ተው» ስላለችኝ አቆምኩ።

ነብሮን አፍርሰነዋል። ዲስኩ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ይዞታል። ቪዲዮውን አይቶ ነው። ባትሪ በሰው ላክልኝ አለ። መንገደኛው ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ እንዳያስገባ፣ ጫፉ ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣ ብቻ እንዲይዝ አስረዳሁ፤ የኛው ባትሪ 5 ዋት አወር ነው፣ የሚፈቀደው 100 ነው። ሞተር ግን አልፈልግም አለኝ። ምናለሽ ተራ ዞሮ ከአሮጌ አሻንጉሊት መኪና የወጣ ባለማርሽ ሞተር አግኝቷል። ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ጥሩ ይመስላል።

«ስንት ይመዝናል?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሚዛን የለኝም።»

«ሳትመዝን እንዳትገዛ። በኋላ ታለቅሳለህ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ድምፅ ላከልኝ። ወርቅ ቤት ገብቶ ነው። ከጀርባ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል። ሞተሩን ባለ ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀምጦታል፤ 31 ነጥብ 4 ግራም። ሌላ ድምፅ፣ የትልቅ ሰው ድምፅ፣ ከራቅ ብሎ ይጠይቃል፦

«ካራቱስ ስንት ነው?»